የማያውቁትን ቋንቋ መፍታት፦ የቋንቋ እንቆቅልሽ ውድድር በትምህርት ቤታችን እንዴት እንደምናዘጋጅ

ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የቋንቋ ክበባችን አጠገባችን ካለው መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በየዓመቱ የቋንቋ እንቆቅልሽ ውድድር ያዘጋጃል። ሥልጠና ላይ የምንገናኝ የሌላ ወረዳ መምህራን «ጥያቄውን ከየት ነው የምታመጡት? ወጪውስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። በስልክ ደግሞ አይገባም፤ ምሳሌው በዓይን መታየት አለበት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ጭራሽ የማያውቀው ቋንቋ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ጥቂት ቃላት ከነአማርኛ ትርጉማቸው ተጽፈዋል። እነሱን እያስተያየ ቋንቋው በምን ሥርዓት እንደሚሄድ ይደርስበታል፣ ከዚያ ያልተሰጡትን ቃላት ራሱ ይሠራል። አስቀድሞ የሚጠና ነገር የለም። መዝገበ ቃላትም አያስፈልግም።

ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም። እንዲህ ያለ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1965 ሞስኮ ላይ ተጀመረ። ዓለም አቀፉ የሥነ ልሳን ኦሊምፒያድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ቡልጋሪያ ውስጥ ተጀምሮ ከሀገር ሀገር ይዞራል። እዚያ አንድ ተማሪ ለብቻው 5 ጥያቄ በ6 ሰዓት ይሠራል፣ ሌላ ቀን ደግሞ አራት አራት ሆነው በቡድን ይወዳደራሉ። በአሜሪካና በካናዳም ለመካከለኛና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ከነመፍትሔያቸው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ማውረድ ትችላላችሁ። እኔም የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ ውድድር ተማሪው መልሱን ብቻ ጽፎ አይወጣም፣ እንዴት እንደደረሰበት ያብራራል። ማብራሪያ ከሌለው መልሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ቢሆንም የሚያገኘው ነጥብ ትንሽ ነው። የእኛን ትምህርት ቤት የለወጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የለመድነውን የጥያቄና መልስ ውድድር ታውቁታላችሁ። ወላጅ መጥቶ፣ ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ከፍቶ፣ ቶሎ እጁን ያወጣ ያሸንፋል። የሸመደደ ልጅ ይጨበጨብለታል። ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ግን እዚያ መድረክ ላይ ቦታ የለውም፣ እኛም ማን እንደሆነ ሳናውቀው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄዳል።

ከአማርኛ ጀምሩ። ውድድሩን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ስናስተዋውቅ ብዙዎቹ «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» እየተባለ አገር የሚሰጥበት ጨዋታ መሰላቸው። በቃል ለማስረዳት አትድከሙ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ምሳሌ ለጥፉ። እኛ የምንለጥፈው ይህን ነው። ቤት ቤቱ ይሆናል፤ በሬ በሬው፤ ልጅ ልጁ፤ ውሻ ውሻው፤ መምህር መምህሩ፤ ቢሮ ቢሮው። መቼ ነው መጨረሻው እንደ ቤቱ የሚሆነው፣ መቼስ ነው «ው» የሚጨመረው?

ሁሉም በትክክል ይናገሩታል፣ ደንቡን ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። መጀመሪያ የሚመጣው ግምት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፦ «ነፍስ ላለው ነገር ው ይጨመራል» ይላሉ። በሬው፣ ውሻው፣ ልክ ይመስላል። ያኔ አንዱ ተነስቶ «ልጅስ? መምህርስ? ቢሮስ ነፍስ አለው እንዴ?» ይላል። ግምቱ ወደቀ። ከዚያ ዝምታ ነው፣ እያንዳንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃላቱን ይደጋግማል። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ካለ ቶሎ ይደርስበታል፣ ምክንያቱም የሚጠራበት ስም አለው፦ ቃሉ በሳድስ (በስድስተኛው ፊደል) ካለቀ ሳድሱ ወደ ካዕብ (ወደ ሁለተኛው) ይለወጣል፣ ት ቱ ይሆናል፣ ጅም ጁ፤ መጨረሻው ራብዕ (አራተኛ) ወይም ኃምስ (አምስተኛ) ወይም ሳብዕ (ሰባተኛ) ከሆነ ግን ፊደሉ ሳይነካ ው ይከተለዋል። የኔታ ዘንድ የቆጠሩት ሀሁ ለዚህ ይጠቅማል ብለው አስበው አያውቁም። እኔም በዚህ በጣም ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚጠበቅባቸው ይገባቸዋል። ግምት፣ ማፍረስ፣ እንደገና መገመት።

ቀጥሎ የማያውቁትን ቋንቋ ስጧቸው። ለጀማሪ ከተጠቀምኩባቸው ሁሉ የወደድኩት ቱርክኛ ነው። ባሽ ማለት ራስ ነው፣ ባሽላር ራሶች። ኤቭ ቤት፣ ኤቭሌር ቤቶች። ኦኩል ትምህርት ቤት፣ ኦኩልላር ትምህርት ቤቶች። ዲሽ ጥርስ፣ ዲሽሌር ጥርሶች። ኪታፕ መጽሐፍ፣ ኪታፕላር መጻሕፍት። ካሌም እስክሪብቶ፣ ካሌምሌር እስክሪብቶዎች። አሁን ክንዶች፣ ባሕሮች፣ መስኮቶች በሉ፤ ክንድ ኮል ነው፣ ባሕር ዴኒዝ፣ መስኮት ፔንጄሬ።

ከማንበባችሁ በፊት ሞክሩት።

መልሱ ኮልላር፣ ዴኒዝሌር፣ ፔንጄሬሌር ነው። በቃሉ ውስጥ መጨረሻ የሚሰማው አናባቢ አ፣ ኦ ወይም ኡ ከሆነ ላር፤ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ሌር። የዚህ እንቆቅልሽ ልቡ ኪታፕና ካሌም ናቸው። በኪታፕ ውስጥ ኢም አለ አም አለ፤ በካሌም ውስጥ አም አለ ኤም አለ። ከአንጎለላ በኩል የመጣች፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ ማብራሪያዋ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ታየኝ፣ የፊቱን ድምፅ አያይም፣ የሚያየው የኋላውን ነው፣ ምክንያቱም የሚጨመረው ከኋላ ስለሆነ ጎረቤቱን ይመስላል።» የመጨረሻው ሐረግ ከእኔ የመፍትሔ ወረቀት ላይ አልነበረም። ሙሉ ነጥብ ሰጠናት፣ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሳስረዳ የእሷን አገላለጽ ነው የምጠቀመው።

እዚህ ላይ ጥያቄ አዘገጃጀቱን ላብራራ፣ ምክንያቱም ብዙ መምህራን የሚቸገሩት እዚህ ነው።

አንደኛ፣ ተማሪው ሊገምተው የሚችለውን የተሳሳተ ደንብ ሁሉ አስቀድማችሁ አስቡ፣ ለእያንዳንዱም የሚያፈርሰው ቢያንስ አንድ ምሳሌ ወረቀቱ ላይ ይኑር። ልጅና መምህር ባይኖሩ «ነፍስ ያለው» የሚለው ግምት ማን ያፈርሰዋል? ካሌምና ኪታፕ ባይኖሩ «የመጀመሪያውን አናባቢ እዩ» ያለ ልጅ ልክ ነው፣ ልትቀንሱበትም አትችሉም። እያንዳንዱ ትክክለኛ ደንብም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ደንብ ይሁን አጋጣሚ አይታወቅም።

ከዚያ ለሥራ ባልደረባ ስጡት፣ ቋንቋ ለማያስተምር ቢሆን ይመረጣል። የእኛን ሁልጊዜ የሚሞክርልን የፊዚክስ መምህሩ ነው። እሱ ሁለት መፍትሔ ካገኘ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

የአማርኛው ትርጉም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ ልውሰድ። ኒናሶማ እና ኒታሶማ ይለያያሉ፣ አንዱ አሁን እየተደረገ ያለ ነው፣ ሌላው ወደፊት የሚደረግ። በአማርኛ ግን ሁለቱንም «አነባለሁ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፣ ያኔ ልጁ አንድ ትርጉም ለሁለት ቃል አይቶ ግራ ይጋባል። እኛ «እያነበብኩ ነው» እና «ነገ አነባለሁ» ብለን ነው የምንጽፈው። ሙሉ ጥያቄው ይህን ይመስላል፦ ኒናሶማ እያነበብኩ ነው፤ ዋናሶማ እያነበቡ ነው፤ ኒሊሶማ አነበብኩ፤ ዋሊላላ ተኙ፤ ኒታላላ ነገ እተኛለሁ፤ አታሶማ ነገ ያነባል፤ አናላላ ተኝቷል፣ አሁን። ከዚያ «ተኛሁ» እና «ነገ ያነባሉ» እንዲሉ ይጠየቃሉ። ኒሊላላ እና ዋታሶማ። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልክ ነው፣ አድራጊውም ጊዜውም ተነባብሮ የሚሄድ ስለሆነ በመቀስ ቆርጠው እንደሚለያዩት ያህል ቶሎ ይታያቸዋል።

አማርኛ የሚመስል ቃልም ያሳስታል። ከቱርክኛው ጥያቄ ላይ ማሳ የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ማለት ነው፣ የገበሬ ልጅ ግን ሲያነበው የሚታየው የአባቱ እርሻ ነው።

ሌላው የፊደላችን ነገር ነው። ፊደል ጥብቀትን አያሳይም። አለ ብላችሁ ብትጽፉ ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን ከአገባቡ ካልሆነ አይለይም። ስለዚህ ጥያቄው በጥብቀት ላይ የተመሠረተ ከሆነ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉና ምልክቱን ከላይ አስረዱ። ወይም እንዲያ ዓይነቱን ጥያቄ ተዉት።

ቋንቋ ግን አትፍጠሩ። አንዳንድ መምህር ቀላል ስለሚመስለው ከራሱ ቃላት ያወጣል። እውነተኛ ቋንቋ ውስጥ ያለው ነገር በሰው አፍ ተፈትኖ የመጣ ስለሆነ ልጁ ሲደርስበት የሆነ ሕዝብ በዚህ መንገድ እንደሚናገር ያውቃል፣ ያ ደስታ በፈጠራ ቃል አይገኝም። ነገር ግን ቃላቱን ከታመነ የሰዋስው መጽሐፍ ወይም ከተናጋሪው አረጋግጡ። አንድ የተሳሳተ ቃል አንድን ብርቱ ልጅ ሙሉውን ሰዓት ያስራል፣ ስህተቱ የእሱ እየመሰለው።

አሁን በአካባቢያችን ብቻ የሚመጣ ጉዳይ። ክፍላችን ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ልጆች አሉ፣ አንኮበር በኩል ደግሞ አርጎብኛ የሚያውቁ ቤተሰቦች አሉ። ውድድር ላይ ከልጆቹ ግማሹ የሚያውቀውን ቋንቋ መስጠት ፍትሐዊ አይደለም። የግዕዝ ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ ፲፱፻፷፭ 1965 ነው፣ ፳፻፫ ደግሞ 2003 ነው ብሎ ሌላውን እንዲያገኙ መጠየቅ ግሩም እንቆቅልሽ ነው፣ ግን ዲያቆን የሆነው ልጅ ሳያስብ ይሞላዋል። እነዚህን ለልምምድ ቀን አስቀምጧቸው።

የልምምድ ቀን ላይ ግን ኦሮምኛ ከሁሉም በላይ ይሠራል። ይህን እዩ። ዴሜ ሄደ ነው፣ ዴምቴ ሄደች፣ ዴምኔ ሄድን፣ ዴማን ሄዱ። ዹፌ መጣ፣ ዹፍቴ መጣች። አርጌ አየ፣ አርጊቴ አየች፣ አርጊኔ አየን፣ አርጋን አዩ። ኮልፌ ሳቀ ከሆነ ሳቀች እንዴት ይባላል? ሳቅንስ? ኮልፊቴ፣ ኮልፊኔ። ዴምቴ ላይ የሌለ ኢ አርጊቴ ላይ ለምን ገባ? ር እና ግ ተከታትለው መጥተዋል፣ ሦስተኛ ተነባቢ ቴ ሲጨመር ሦስቱን አንድ ላይ ማለት ስለማይቻል መሐል ላይ ኢ ይገባል። ኮልፌም ል እና ፍ አሉት። አርጋን ላይ ግን የሚጨመረው በአናባቢ ስለሚጀምር ኢ አያስፈልግም። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ልጅ ኮልፊቴ ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ልክ አማርኛ ተናጋሪው «ቤቱ» የሚለው ጥያቄ ላይ እንደቆመው ይቆማል። ከዚያ አብረው ይፈልጉታል። ቃላቱን የኦሮምኛ መምህር እንዲያይላችሁ አድርጉ። እኛ ዘንድ ከዚያ ወዲህ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ጓደኞቻቸውን በእረፍት ሰዓት «ይሄስ እንዴት ይባላል?» እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል፣ ይህን ያዘዛቸው የለም።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ።

የጥያቄ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን። ዓለም አቀፉም ውድድር ጥያቄውን በብዙ ቋንቋ አዘጋጅቶ ነው የሚሰጠው። በእንግሊዝኛ ከሆነ የምትለኩት እንግሊዝኛቸውን ነው።

ቀኑ ቅዳሜ አይሁን። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ለማምጣት ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ነው የሚመለሱት። ቅዳሜ ያደረጋችሁት ውድድር የከተማ ልጆች ውድድር ነው። አርብ ደግሞ የጁምዓ ሶላት አለ። እኛ ሐሙስ እናደርጋለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት አትጀምሩ፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጣት እስክሪብቶ አይዝም። 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ጀምሩ፣ ጋቢም ይፈቀድ።

የ6 ሰዓቱን ነገር እርሱት። ለ7ኛና ለ8ኛ ሁለት ጥያቄ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ሦስት ጥያቄ በሁለት ሰዓት በቂ ነው። ወጪው የፎቶ ኮፒ ነው፣ ለአንድ ልጅ አንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ። ኮፒውን ለነገ ብላችሁ አታሳድሩት፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ ከሌለ ጥያቄውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ ልጆቹ ከደብተራቸው ቅዳጅ ወረቀት ላይ ይመልሱ። ምንም አይቀርበትም።

እርማቱ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ይህን አልደብቅም። ግማሹ ነጥብ ለመልሱ፣ ግማሹ ለማብራሪያው ነው። ከውድድሩ በፊት ደንቡን ሸንሽናችሁ ለየትኛው ክፍል ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ ጻፉ፤ ለምሳሌ በቱርክኛው ላይ ላርና ሌር በአናባቢ እንደሚለዩ ማወቅ፣ የትኞቹ አናባቢዎች ከየትኛው ጋር እንደሚሄዱ፣ ወሳኙ የመጨረሻው መሆኑ፣ ሦስቱም ለየብቻ ነጥብ አላቸው። ስም በመለያ ቁጥር ይሸፈን። ሁለት መምህራን ለየብቻ ያርሙ፣ ሲለያዩ ይነጋገሩ። የቃላት አጠቃቀምና የፊደል ግድፈት አይቀነስም። ልጁ «ሳድስ» ቢል «ምንም የማይከተለው ፊደል» ቢል ሐሳቡ ከገባው ያው ነው። ማብራሪያ መጠየቁ ኩረጃንም በጣም ይቀንሳል፣ መልስ ይኮረጃል፣ ማብራሪያ ግን የእያንዳንዱ ልጅ አነጋገር ስላለበት ሁለት ተመሳሳይ ሲገኝ ወዲያው ይታያል።

በቡድን ስናደርግ አራት ልጆችን ከተለያየ ክፍል እናቀላቅላለን። ድምፁ ከፍ ያለው እንዳይጠቀልለው አንድ ዘዴ አለን፦ መፍትሔውን ለዳኞች የሚያስረዳው በዕጣ ይወጣል። ዕጣው ማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ አራቱም እስኪገባቸው ይተራረማሉ፣ የ12ኛው ክፍል ለ7ኛው ያስረዳል፣ አንዳንዴም የ7ኛው ለ12ኛው።

«ቲቸር፣ ለማትሪክ ይመጣል?» ትባላላችሁ፣ ተዘጋጁ። ወላጅም «ቱርክኛ ምን ያደርግልሃል?» ይላል። እኔ የምመልሰው ይህን ነው። ቱርክኛውን ማንም አይይዘውም፣ የሚይዘው ያልታየውን ነገር ከታየው ተነስቶ ማግኘትንና ለሌላ ሰው ማስረዳትን ነው፣ ሒሳብም ሳይንስም የሚጠይቁት እሱን ነው። ስልካችን ላይ አማርኛ ስንጽፍ ቀጣዩን ቃል በትክክል እንዲያቀርብልን ከተፈለገም «ቤቱ» እና «በሬው» ለምን እንደሚለያዩ የሚያውቅ ሰው ይረዳል። ይህን ከእኛ ልጆች በላይ ማን ይሥራው?

ሽልማቱን አታግዝፉት። ደብተርና መዝገበ ቃላት እንሰጣለን። ከሽልማቱ ይልቅ የታረመውን ወረቀት መልሱላቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡ ተሰብስቦ ከተለያዩ ወረቀቶች የተመረጡ ማብራሪያዎችን ባለቤቶቻቸው ፈቅደው ያንብቡ፣ ያላሸነፉትም ጭምር። የቱርክኛውን፣ የስዋሂሊውንና የቤቱን ጥያቄ እንዳሉ ልትወስዷቸው ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ዓመት ሦስቱ ይበቃሉ፣ ለሁለተኛው ዓመት ግን ልጆቹ ለታናናሾቻቸው ስለሚነግሩ ሌላ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል።